በምሳ ሰዓት የሚመራ ጉዞ፦ ከማድሪድ እስከ ሳን ሴባስቲያን በመኪና

አራንዳ ዴ ዱዌሮ ለመጀመሪያ ጊዜ የደረስኩት በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ነበር፤ በስፔን ሰዓት 17:00 መሆኑ ነው። ከተማዋ በእንጨት ምድጃ በሚጠበስ ጠቦት የታወቀች ናት። ጠዋት ከማድሪድ ስነሳ ብስኩት ብቻ ቀምሼ ሆዴን ለጠቦቱ ትቼለት ነበር። ስደርስ ወንበሮቹ ጠረጴዛ ላይ ተገልብጠዋል፣ አስተናጋጁ ወለል ይወለውላል፣ የምድጃው አፍ ተዘግቷል። «ነገ» አለኝና ሥራውን ቀጠለ። የዚያን ቀን ራቴ ከነዳጅ ማደያ የገዛሁት የታሸገ ድንች ጥብስ ሆነ።

ስፔን ውስጥ ኪሎ ሜትር ቆጥሮ መንገድ ያወጣ ሰው ጦሙን ያድራል። ከዚያ ወዲህ እኔ ቀኑን የማወጣው ከምሳው ተነስቼ ነው። መጀመሪያ የት እንደምበላ እወስናለሁ፣ መንገዱን ወደዚያ አስጠጋዋለሁ። ከዚህ በታች ያለው መመሪያም የተሠራው በዚሁ ስሌት ነው።

1. መንገዱንና ወቅቱን ምረጡ

መንገዱ እንዲህ ነው፦ ከማድሪድ ወደ አራንዳ ዴ ዱዌሮ፣ ከዚያ ላ ሪዮሃ በሚባለው የወይን አገር ወዳሉት አሮና ሎግሮኞ፣ ከዚያ ወደ ሳን ሴባስቲያን፣ በመመለሻው ቡርጎስ አድሮ ማድሪድ። ዙሩ በጠቅላላው 1,000 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። ቀልጣፋ ሹፌር በሁለት ቀን ይጨርሰዋል፤ እናንተ ግን 7 ሌሊት ስጡት። አንዱን አራንዳ፣ ሁለቱን ሎግሮኞ፣ ሦስቱን ሳን ሴባስቲያን፣ የመጨረሻውን ቡርጎስ እደሩ።

ብዙ ጎብኚ ከማድሪድ እንደወጣ ወደ ሴጎቪያ ይታጠፋል። የሮማውያኑ የውኃ ቦይ ድልድይ በእርግጥ ያስደንቃል። የከተማዋ ዝነኛ ምግብ ግን የአሳማ ግልገል ጥብስ ስለሆነ፣ ለአብዛኞቻችን ማዕዱ ከመታየት አያልፍም። ስለዚህ በቀጥታ ወደ ሰሜን ነው የማስኬዳችሁ።

ወቅቱን በተመለከተ የእኔ ምርጫ የመስቀል ሰሞን ነው። ከመስከረም መጀመሪያ እስከ ጥቅምት ድረስ ወይኑ ይለቀማል፣ ሙቀቱ ይበርዳል፣ ሎግሮኞም በፈረንጆቹ ሴፕቴምበር 21 የሚውለውን የሳን ማቴዎ በዓል ታከብራለች። በበዓሉ ሳምንት ግን ማደሪያ ማግኘት ጭንቅ ስለሆነ ቀደም ብላችሁ ያዙ። ኦገስት ላይ አትሂዱ፤ ከማድሪድ በስተሰሜን የምታቋርጡት የካስቲያ ሜዳ እንደ ምጣድ ይግላል፣ ብዙ ጥሩ ምግብ ቤቶችም ለእረፍት ይዘጋሉ። ከጃንዋሪ አጋማሽ እስከ ኤፕሪል ያለው ጊዜ የባስኮች (በሳን ሴባስቲያን አካባቢ የሚኖሩ፣ የራሳቸው ቋንቋ ያላቸው ሕዝብ) የፖም ጠጅ ወቅት ነው። ያ ግን በአብዛኛው ከዐቢይ ጾም ጋር ይጋጫል፣ የጠጅ ቤቶቹ ማዕድም ያለ ሥጋ አይሆንም። ጿሚ ከሆናችሁ መስቀልን ምረጡ።

2. መኪናውን የምትወጡበት ቀን ውሰዱ

ማድሪድ ውስጥ መኪና ሸክም ነው። መሀል ከተማው ለመኪና ገደብ ያለበት ነው፣ የማቆሚያ ክፍያውም አይቻልም። ሁለት ቀን ማድሪድ ብትቆዩ እንኳ መኪናውን የምትረከቡት በምትወጡበት ጠዋት ይሁን።

መንጃ ፈቃዳችሁ የአውሮፓ ኅብረት አገር ከሆነ በቂ ነው። ከአሜሪካም ሆነ ከኢትዮጵያ የምትመጡ ግን ዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃድ አገራችሁ ሳላችሁ አውጡ። አከራዩ ባይጠይቃችሁ መንገድ ላይ ፖሊስ ሊጠይቃችሁ ይችላል። አብዛኛው የኪራይ መኪና በእጅ የሚቀየር ካምቢዮ ያለው ስለሆነ፣ አውቶማቲክ የምትፈልጉ ስትይዙ ለይታችሁ ጠይቁ። ማደያ ስትገቡ ደግሞ «ጋሶሊና» ቤንዚን፣ «ጋሶሌዮ» ናፍጣ መሆኑን አስታውሱ። ሁለቱ ቃላት ለድካም ጆሮ በጣም ይመሳሰላሉ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፦ የሚጠጣና የሚነዳ። በስፔን ለሹፌር የተፈቀደው መጠን በአንድ ሊትር ደም 0.5 ግራም አልኮል ሆኖ ቆይቷል፤ ለአዲስ ሹፌር 0.3። እኔ ይህን ቁጥር ለመስላት አልሞክርም። በየቀኑ አንድ ሰው ሹፌር ይሆናል፣ ያ ሰው ያን ቀን አይቀምስም። ቅር እንዳይለውም «ሞስቶ» ይጠይቅ። ሞስቶ ያልቦካ የወይን ጭማቂ ነው፤ በሰሜን ስፔን መጠጥ ቤቶች የተለመደ ስለሆነ ማንም ዞር ብሎ አያያችሁም። ለማይጠጣ ሙስሊም መንገደኛም፣ ለልጆችም እሱው ነው። ጠርሙስ የወደደ ሹፌር ገዝቶ ማታ ማደሪያው ይክፈተው።

3. የሆዳችሁን ሰዓት አዙሩ

ምሳ ከ14:00 እስከ 16:00 ነው፤ በእኛ ከ8 እስከ 10 ሰዓት። ራት ከ21:00 በፊት የሚሰጥ ወጥ ቤት ጥቂት ነው፤ በእኛ ከምሽቱ 3 ሰዓት መሆኑ ነው። በመካከል ያለው ጊዜ ባዶ ነው። ማቋረጫው ደግሞ ጠዋት 11:00 ላይ የሚበላ ትንሽ ነገር ነው፦ የተጠበሰ ዳቦ ላይ የተፈጨ ቲማቲም፣ የወይራ ዘይትና ጨው። በነገራችን ላይ ይህ የረቡዕና የዓርብ መፍትሔም ነው፤ «ቶስታዳ ኮን ቶማቴ» በሉ።

ትልቁን ምግባችሁን ምሳ አድርጉት። በሥራ ቀናት ብዙ ቤት «ሜኑ ዴል ዲያ» ያቀርባል፤ መጀመሪያ ሳህን፣ ሁለተኛ ሳህን፣ ዳቦ፣ ማጣጣሚያ ወይም ቡና፣ ብዙ ጊዜም አንድ ብርጭቆ ወይን ጨምሮ በአንድ ዋጋ። ትንንሽ ከተሞች ውስጥ ከ12 እስከ 18 ዩሮ ድረስ ይገኛል። የጭነት መኪና ሹፌሮች የቆሙበት የመንገድ ዳር ቤት ካያችሁ አትለፉት። እሑድ ማታና ሰኞ ብዙ ቤት ዝግ ነው፤ ሰኞን የመንገድ ቀን ብታደርጉት ይሻላል። የቧንቧ ውኃ ደግሞ በነፃ እንዲያቀርቡ በፈረንጆቹ ከ2022 ጀምሮ ሕግ ያስገድዳቸዋል፤ «አግዋ ዴል ግሪፎ» ማለት አያሳፍርም።

4. ስለ አሳማና ስለ ጾም ሦስት ቃል ያዙ

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፣ እኔም ተሳስቻለሁ። ምናሌ ላይ «ሌንቴሃስ» የሚል አይቼ፣ ምስር መሆኑን ሳውቅ የአገሬን ወጥ ያገኘሁ መስሎኝ አዘዝኩ። ሥጋ እንደሌለው ጠየቅሁ፣ የለውም አሉኝ። ማንኪያዬ ግን ከሥር ቀይ ቋሊማ ይዞ ወጣ። አስተናጋጇ ልታታልለኝ አልፈለገችም። ለብዙ ስፔናዊ «ሥጋ» ማለት ቁራጭ ጥብስ ነው፤ ሃሞን (የደረቀ የአሳማ እግር ሥጋ) እና ቾሪሶ (ያ ቀይ የአሳማ ቋሊማ) ማጣፈጫ ናቸው፣ እንደ እኛ ቅመም።

ስለዚህ «ያለ ሥጋ» አትበሉ። «ኖ ኮሞ ሴርዶ» በሉ፣ አሳማ አልበላም ማለት ነው፤ ቀጥላችሁም «ኒ ሃሞን፣ ኒ ቾሪሶ» ብላችሁ ስማቸውን ጥሩ። በተለይ ሽምብራ፣ ቦሎቄ፣ ምስርና ሾርባ ስታዙ መጠየቅ ግዴታ ነው፤ አንዳንድ ጊዜ አጥንቱ ተቀቅሎ ከወጣ በኋላ ነው የሚቀርቡት። አትክልት ላይ እንኳ የሃሞን ፍርፋሪ ሊበተን ይችላል። ኬክና ኩኪስ ላይ ደግሞ «ማንቴካ» የሚል ካነበባችሁ የአሳማ ሞራ ነው፤ ቅቤ «ማንቴኪያ» ነው። ፊደላቱ ይቀራረባሉ፣ ነገሩ ግን ሰማይና ምድር።

ለጾም «ቬጋኖ» የሚለው ቃል ዛሬ በከተማ ሁሉ ይገባቸዋል። የተጠበሰ እንጉዳይ፣ የወይራ ፍሬ፣ የተጠበሰ ቃሪያ፣ የናቫራ ነጭ አስፓራገስ፣ «ፒስቶ» የሚሉት የቲማቲምና የዙኪኒ ወጥ (ላዩ ላይ እንቁላል እንዳያደርጉ ንገሯቸው) ሆድ ይሞላሉ። ሽሮ አይሆኑም እንጂ አያስርቡም።

5. አራንዳ፦ ቀጠሮ ይዛችሁ ግቡ

ከማድሪድ በኤ-1 መንገድ የሶሞሲዬራን ተራራ ተሻግራችሁ በአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ትደርሳላችሁ። ጠዋት ተነሱ፣ ምሳው ለ14:00 የተያዘ ይሁን። ስትይዙ ጠቦቱንም አብራችሁ እዘዙ፤ ደርሳችሁ ብታዙ ቀድሞ ለተያዙት የገባውን ብቻ ነው የምታዩት።

«ሌቻሶ» የሚሉት ከእናቱ ጡት ሌላ ሣር ያልቀመሰ ጠቦት ነው። ሩብ ሩቡን ይቆርጡትና በሸክላ ሳህን፣ በውኃና በጨው ብቻ፣ በእንጨት በጋለ የጭቃ ምድጃ ውስጥ ከ2 ሰዓት በላይ ያቆዩታል። ነጭ ሽንኩርት የለ፣ ሮዝመሪ የለ፣ በርበሬ የለ። መጀመሪያ ይህን ሳይ፣ እውነት ለመናገር፣ የታመመ ሰው ምግብ መስሎኝ ነበር። በአዋዜ ያደገ ምላስ ቶሎ አይረዳውም። ቆዳው እንደ ወረቀት ይሰባበራል፣ ሥጋው ከአጥንቱ ራሱ ይለቃል። ከሥር የቀረውን ፈሳሽ ክብ በሆነው የከተማው ዳቦ ጠርጋችሁ ብሉ፤ እንጀራ ቢኖር የምታደርጉት እሱኑ ነበር። አጠገቡ የሚቀርበው ሰላጣ፣ ቲማቲምና ሽንኩርት ነው፣ ሌላ አትዘዙ። አንድ ሩብ ለሁለት ሰው ይበቃል፤ ዋጋው ርካሽ አይደለም፣ 50 ዩሮ አካባቢ ወይም ከዚያ በላይ ያዙ።

ከእሱ ጋር የሚጠጣው የሪቤራ ዴል ዱዌሮ ቀይ ወይን ነው። አካባቢው በሕግ የተጠበቀ የራሱን የወይን ስያሜ ያገኘው በፈረንጆቹ 1982 ነው። ወይኖቹ የተተከሉበት ቦታ ከባሕር ወለል በላይ ከ750 እስከ 900 ሜትርና ከዚያም በላይ ይደርሳል። ለእኛ ይህ ቆላ ነው፤ ለአውሮፓ ወይን ግን ደጋ። ቀኑ ያቃጥላል፣ ሌሊቱ ይበርዳል። ፍሬው ቀን የሰበሰበው ስኳር ሌሊት ኮምጣጣነቱን አያጠፋበትም፤ የወይኑ ጥቁረትና ጥንካሬ የሚመጣው ከዚህ ነው። የዝርያው ስም ቴምፕራኒዮ ነው፣ እነሱ ግን «ቲንቶ ፊኖ» ይሉታል።

ከምሳ በኋላ መሬት ሥር ግቡ። ከአሮጌው ከተማ በታች፣ ከ9 እስከ 12 ሜትር ጥልቀት፣ በመካከለኛው ዘመን መቆፈር የተጀመረ የወይን ማከማቻ ዋሻ ተዘርግቷል። ከ100 በላይ ዋሻዎች ዛሬም አሉ፣ ጥቂቶቹ ለጎብኚ ክፍት ናቸው። በጋ ክረምት ቅዝቃዜው ስለማይለወጥ ሹራብ ያዙ።

በማግስቱ ጠዋት ጊዜ ካላችሁ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ምዕራብ ነድታችሁ የፔኛፊዬልን ግንብ እዩ። ኮረብታ ላይ እንደ መርከብ የተዘረጋ ቀጭን ግንብ ነው፣ ውስጡ የወይን ሙዚየም አለ።

6. ላ ሪዮሃ፦ መለያውን ማንበብ ተማሩ

አሮ ስትደርሱ (በስፔን ፊደል መጀመሪያዋ ላይ «ኤች» አለባት፣ አይነበብም) ወደ ባቡር ጣቢያው ሂዱ። አንድ ሰፈር ሙሉ የወይን ጠማቂዎች እዚያ የተሰበሰቡት ያለ ምክንያት አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሁለተኛ አጋማሽ ፊሎክሴራ የተባለ የሥር ተባይ የፈረንሳይን ወይን ሲያጠፋ፣ የቦርዶ ነጋዴዎች ወይን ፍለጋ ተራራውን ተሻግረው መጡ። ዕቃው በባቡር ስለሚሄድ ሁሉም ሐዲዱ አጠገብ ሠራ። ሎፔስ ዴ ኤሬዲያ በ1877፣ «ኩኔ» በ1879፣ ላ ሪዮሃ አልታ በ1890 ተመሠረቱ፤ ዛሬም እዚያው ናቸው። ከአንዱ ወደ ሌላው በእግር ይኬዳል፤ ይህ ለሹፌሩ ምሕረት ነው።

ጉብኝቱን ከሳምንታት በፊት በስልክ ወይም በድረ ገጻቸው ያዙ፤ በመከር ወቅት ቶሎ ይሞላል። በቀን አንድ ይበቃል፣ ሁለት ብዙ ነው። ሦስት የያዘ ጓደኛ ነበረኝ፤ የሦስተኛውን ስም ዛሬም አያስታውስም። ሲያቀምሷችሁ ምራቅ መትፊያ ዕቃ ካለ ተጠቀሙበት፣ ባለሙያዎቹ ራሳቸው ይተፋሉና ነውር የለውም።

የሪዮሃ ቀይ ወይን መለያ ላይ የምታገኟቸው ቃላት የዕድሜ ምልክት ናቸው። «ክሪያንሳ» ቢያንስ 2 ዓመት ያረፈ ነው፣ ከዚያ ውስጥ 1 ዓመቱ በኦክ እንጨት በርሜል። «ሬሴርቫ» 3 ዓመት፣ ቢያንስ 1 ዓመት በበርሜል። «ግራን ሬሴርቫ» 5 ዓመት፣ ቢያንስ 2 ዓመት በበርሜልና 2 ዓመት በጠርሙስ። በርሜሉ 225 ሊትር አካባቢ የሚይዝ ነው፤ በባህሉ ብዙው የአሜሪካ ኦክ ስለነበር ያ የቫኒላ ሽታ ከእሱ ይመጣል። ብዙ ሰው ዕድሜ ሲጨምር ጥራትም ይጨምራል ብሎ ውዱን ይገዛል። በእኔ አስተያየት ከምግብ ጋር ክሪያንሳን የሚያህል የለም፤ ግራን ሬሴርቫው ብቻውን፣ ቀስ ተብሎ፣ ማታ የሚጠጣ ነው። «ሆቬን» የሚሉት ወጣት ወይን ደግሞ እንደ ጉሽ ጠላ ነው፦ ርካሽ፣ ሕያው፣ ለጨዋታ።

ምሳችሁን «ቹሌቲያስ አል ሳርሚዬንቶ» አድርጉት። ክረምት የተገረዘውን የወይን ሐረግ ጭራሮ አንድደው፣ ነበልባሉ ሲወርድ በፍሙ ላይ የጠቦት ጎድን ይጠብሳሉ። በእጅ ነው የሚበላው። ከእሱ በፊት የተጠበሰ ቀይ «ፒኪዮ» በርበሬ እዘዙ፤ አያቃጥልም፣ ይጣፍጣል።

ማታ ሎግሮኞ፣ ካዬ ላውሬል። ጠባብ መንገድ ነው፣ ግራና ቀኙ መጠጥ ቤት ብቻ። ብዙዎቹ ቤቶች የሚታወቁበት አንድ ምግብ አላቸው፤ አንዱ እንጉዳይ ብቻ ይጠብሳል፣ በላዩ ሽሪምፕ ይሰካበታል። ቁጭ አትበሉ። አንድ ብርጭቆ («ኡን ክሪያንሳ፣ ፖር ፋቦር»)፣ አንድ ቁራሽ፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው። ብርጭቆው ከ2 እስከ 3 ዩሮ አካባቢ ስለሆነ ጥሩ ወይን ለመቅመስ ከዚህ የረከሰ ትምህርት ቤት አላየሁም።

በሁለተኛው ቀን 17 ኪሎ ሜትር ያህል ነድታችሁ ላጓርዲያን እዩ። በግንብ የታጠረች ትንሽ ከተማ ናት፤ ሥሯ በዋሻ የተቦረቦረ ስለሆነ መኪና ውጭ ይቆማል።

7. ሳን ሴባስቲያን፦ ቆማችሁ ብሉ፣ ቆጥራችሁ ክፈሉ

ከሎግሮኞ 165 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ተራራውን ስትሻገሩ ቡናማው አገር አረንጓዴ ይሆናል፣ ዝናብም ይጀምራል። ቋንቋውም ወደ ባስክኛ ይለወጣል፤ ከተማዋን «ዶኖስቲያ» ይሏታል።

ትንንሾቹ ምግቦች እዚህ «ፒንቾ» ይባላሉ። ባንኮኒው ላይ ተደርድረው ስታዩ ሳህን ሞልታችሁ አትነሱ፤ እንደ ሠርግ ቤት ቡፌ አይደለም። አንድ ወይም ሁለት ያዙ፣ ለባንኮኒው ሰው የወሰዳችሁትን አሳዩት፣ ስትወጡ ቆጥራችሁ ክፈሉ። ብዙ ቤት እናንተን አምኖ ነው የሚያስከፍለው። ምርጦቹ ግን ባንኮኒው ላይ አይቀመጡም፤ ግድግዳው ላይ በጠመኔ ተጽፈው፣ ስታዙ ትኩስ ይሠራሉ። መጀመሪያ «ሂልዳ» ቅመሱ፦ የወይራ ፍሬ፣ አንቾቪና በኮምጣጤ የተዘፈዘፈ ቃሪያ በአንድ ስንጥር ላይ። ቃሪያ የናፈቀው ሰው እዚህ ይታረቃል።

መጠጡ «ቻኮሊ» ነው፤ ትንሽ የሚፈላ፣ ኮምጠጥ ያለ ነጭ ወይን። ቀጂው ጠርሙሱን ከፍ አድርጎ በቀጭኑ ያወርደዋል፣ ልክ ጀበና ከፍ አድርጎ እንደሚቀዳ ቡና። የሚመረትበትን ቦታ ለማየት 25 ኪሎ ሜትር ያህል በባሕሩ ዳር ወደ ጌታሪያ ንዱ። ወይኑ ከባሕሩ በላይ ባለው ቁልቁለት ላይ ተተክሏል፣ ከታች ወደቡ አጠገብ ዓሣ ከነአጥንቱ በከሰል ይጠበሳል። «ሮዳባዮ» የሚሉት ጠፍጣፋ ዓሣ በኪሎ ነው የሚሸጠው፤ ሳያበስሉት አስመዝናችሁ ዋጋውን ስሙ፣ አለዚያ ሒሳቡ ያስነጥሳችኋል።

በፖም ጠጅ ወቅት ከመጣችሁ ከከተማዋ ጥቂት ኪሎ ሜትር ወጣ ብላችሁ አስቲጋራጋ ምሳ ብሉ። ማዕዱ የማይለወጥ ነው፦ የባካላኦ ዓሣ ያለበት የእንቁላል ጥብስ፣ ባካላኦ ከቃሪያ ጋር፣ ከነአጥንቱ የተጠበሰ ትልቅ የላም ሥጋ፣ መጨረሻ ላይ የኢዲያሳባል የበግ አይብ ከዋልነት ጋር። አንዳንድ ቤት መጀመሪያ ላይ ቋሊማ ይጨምራል፣ አስቀድማችሁ እምቢ በሉ። በመካከል ባለቤቱ «ቾች!» ብሎ ይጣራል። ያኔ ሁሉም ሹካውን ጥሎ ብርጭቆውን ይዞ ወደ ግዙፉ በርሜል ይሰለፋል፣ ከቀዳዳው የሚወረወረውን ቀጭን ጠጅ በብርጭቆው ጠርዝ ይቀልባል። ጥቂት ጣት ያህል ቀድታችሁ ወዲያው ጠጡ፣ ከዚያ ለሚቀጥለው ቦታ ልቀቁ። ሥጋው ውጭው ከሰል፣ ውስጡ ደም የመሰለ ነው። ጎብኚው ሁሉ ሲደነግጥ የእኛ ጠረጴዛ አልደነገጠም፤ ቁርጥ የለመደ ሰው ምን ይሆናል! የጎደለው ሚጥሚጣ ብቻ ነበር።

8. በቡርጎስ በኩል ተመለሱ

ቡርጎስ የምትታወቀው በሩዝ በተሞላ የደም ቋሊማ ነው፤ «ሞርሲያ» የሚል ስታዩ እለፉ። እናንተ የምትፈልጉት ማጣጣሚያው ላይ ነው ያለው፦ «ኬሶ ዴ ቡርጎስ»። ነጭ፣ ትኩስ፣ ጨው የማይበዛበት አይብ ነው፣ ማር አፍስሰውበት ከዋልነት ጋር ይቀርባል። አይባችንን ማር ላይ አስቡት፣ ትንሽ ጠንከር ብሎ።

ጠርሙስ ከገዛችሁ በፀሐይ መኪና ውስጥ አትተዉት፤ በአንድ ከሰዓት ይበላሻል። ማታ ማታ ወደ ክፍላችሁ አስገቡት። አውሮፕላን ላይ በእጅ ስለማይያዝ በልብስ ጠቅልላችሁ የሚጫነው ሻንጣ መሀል ክተቱት፤ እኔ ሁለቱን ጠርሙስ ጋቢዬ ውስጥ ነው ያመጣኋቸው። ከቡርጎስ እስከ ማድሪድ አውሮፕላን ማረፊያ 240 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው፣ መንገዱም በአራንዳ በኩል ያልፋል። በረራችሁ ማታ ከሆነ ለ14:00 እንደገና ጠረጴዛ ያዙ።